ስለ ፈንጂና ጦርነት ጥሎት ስለሄደው ብረት፦ ከአዳማ የመጡ ጥያቄዎች

በሠራዊቱ ውስጥ መሐንዲስ ክፍል ነበርኩ። ከኤርትራ ጋር የነበረው ጦርነት ካበቃ በኋላ ደግሞ በሰሜን ድንበር ፈንጂ በማምከን ሥራ ላይ ቆየሁ። አሁን ኑሮዬ አዳማ ነው። እዚህ ከተማ ስለ ፈንጂ የሚጠይቀኝ ሰው ብዛት መጀመሪያ ገርሞኝ ነበር። ኋላ ሳስበው ግን አይገርምም። የጅቡቲ መስመር ሾፌር የሚያርፈው እዚህ ነው። ከየአቅጣጫው የተለቀመ ቁርጥራጭ ብረት የሚገዛውና የሚሸጠው በዚሁ አካባቢ ነው። ሰሜን ውስጥ ዘመድ የሌለው ሰውም ጥቂት ነው። ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ ብዬ የመጡልኝን ከነመልሳቸው አቅርቤያለሁ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ (ብረት ነጋዴ፣ ወንጂ መውጫ)፦ ጋሼ፣ ከቁራሌዎች በምንገዛው ብረት ውስጥ አንዳንዴ ቅምቡላ (የመድፍ ወይም የሞርታር ጥይት) የሚመስል የዛገ ነገር ይገኛል። ባዶ መሆኑን በምን እንለያለን? ልጆቹ በመዶሻ መታ መታ አድርገው ነው የሚያዩት።

መልስ፦ መዶሻውን ዛሬውኑ አስቁም። ሌላውን ከዚያ በኋላ እናወራለን።

ባዶ ይሁን አይሁን እናንተ አትለዩትም። እኔም በዓይኔ ብቻ አይቼ አልምልበትም። ዝገት ምንም አይነግራችሁም። የሚዛገው ውጪው ነው። ውስጡ ያለው ቲኤንቲ የሚባለው ፈንጂ በደረቅ ቦታ ለብዙ አሥርት ዓመታት ኃይሉን ይዞ ይቆያል።

ደግሞ ያልተተኮሰና የተተኮሰ አንድ አይደለም። ያልተተኮሰው ላይ መጠበቂያው ገና አለ። ተተኩሶ ያልፈነዳው ላይ ግን መጠበቂያው አየር ላይ እያለ ተፈቷል። መሬት ሲመታ መፈንዳት ነበረበት፣ አልፈነዳም። ለምን እንዳልፈነዳ ማንም ከውጪ አይቶ አይነግርህም። መርፌው ከካፕሱላው (ፈንጂውን ከሚያቀጣጥለው ትንሽ ቀለህ) ፊት ቆሞ ትንሽ ግፊት ብቻ እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። የልጆቹ መዶሻ ያቺን ግፊት ነው የሚሰጠው።

«ከወሎ ድረስ በአይሱዙ ሲንገጫገጭ መጥቶ ካልፈነዳ አሁን ምን ይሆናል?» የሚል ክርክር እዚህ ከተማ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። መንገጫገጩ ቅምቡላውን አያበርደውም። ይልቁንም መርፌውን ይበልጥ አስጠግቶት ይሆናል።

የማቅለጫው ነገርም አለ። ፈንጂ የሌለው የተዘጋ ብረት እንኳን ውስጡ ውሃ ወይም አየር ካለበት እቶን ውስጥ ሲገባ ይፈነዳል። የማቅለጫ ሠራተኞች የታሸገ ሲሊንደር ሲያዩ የሚጮሁት ለዚህ ነው። የመድፍ ጥይት ቢገባ ምን እንደሚሆን አስበው።

ካገኛችሁ እንዲህ አድርጉ። ሥራ ይቁም። ማንም አያንሳው፣ አያገላብጠው። ከግቢው ውጡ፤ ቢያንስ 300 ሜትር ራቁ፤ ከግንብ ጀርባ ብትሆኑ ይሻላል። ስልክ የምትደውሉት ከራቃችሁ በኋላ ነው እንጂ እላዩ ላይ ቆማችሁ አይደለም። 991 ደውላችሁ ለፖሊስ ንገሩ፤ እነሱ ባለሙያ ያስመጣሉ። ውሃ በርሜል ውስጥ መክተት፣ አሸዋ መጫን፣ ሌሊት ወስዶ አዋሽ ውስጥ መጣል፣ ሁሉም ክልክል ነው። ወንዝ ውስጥ የተጣለ ቦምብ ነገ አሸዋ የሚያወጣ የቀን ሠራተኛ አካፋ ሥር ይገኛል።

ጥያቄ (የዚሁ ነጋዴ ጓደኛ)፦ ፖሊስ ስንጠራ ብንታሰርስ? ሙሉ ጭነቱ ቢወረስስ?

መልስ፦ ትክክለኛ ፍርሃት ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። አግኝቶ የጠቆመ ሰው ሦስት ቀን ምርመራ ላይ ከዋለ ቀጣዩ ሰው ቅምቡላውን በዝምታ ቦይ ውስጥ ይጥለዋል። የከተማው ባለሥልጣናት «የጠቆመ አይጠየቅም» ብለው በግልጽ ቢናገሩ ከማንኛውም ፖስተር ይበልጥ ሕይወት ያድናል። ይህ የእኔ አቋም ነው። ለሚመለከታቸውም ተናግሬያለሁ።

እስከዚያው የግዢ ደረሰኛችሁን ያዙ። ከማን፣ መቼ፣ ከየት የሚለውን ደብተር ላይ ጻፉ። የተዘጋ፣ የሾለ፣ ክንፍ ያለው ብረት አንገዛም ብላችሁ እርስ በርስ ተስማሙ። ገዢ ከሌለ ለቃሚው አያነሳውም። ለእኔ ከሁሉም የሚያዋጣው ይህ ነው።

ጥያቄ (የከባድ መኪና ሾፌር)፦ በአፋር በኩል ስንመላለስ ለሽንት ከአስፋልት መውረድ ያሳስባል? ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ፈንጂ ያለበት ቦታስ ምልክት አለው?

መልስ፦ ይሳቁ። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ በኅዳር 2014 ጭፍራና ካሳጊታ አካባቢ ከባድ ውጊያ ነበር። ሁለቱም ከዋናው የጅቡቲ መስመር ብዙም አይርቁም። ይህ ማለት መንገዱ ዳር ሁሉ ፈንጂ ነው ማለት አይደለም። በየቀኑ የሚረገጥ መሬት ላይ ሥጋቱ ትንሽ ነው። የማያውቁት ቁጥቋጦ ውስጥ መግባት ግን ሌላ ነገር ነው። ሰው የሚመላለስበት፣ ሻይ ቤት ያለበት ቦታ ቁም።

አንድ የሾፌር ልማድ አለ፤ እሱን ነው የምፈራው። የተቃጠለ ታንክ ወይም ኦራል ሲያዩ ወርደው ፎቶ ይነሳሉ። መለዋወጫ የሚፈቱም አሉ። የተቃጠለ ተሽከርካሪ ውስጥና ዙሪያው ያልፈነዳ ጥይት ተበትኖ ይቀራል። ምሽግም እንዲሁ ነው። ጥሎ የሄደ ወታደር ቦምቡን ቆጥሮ አስረክቦ አይሄድም። ሲሸሽ መግቢያውን አጥምዶ የሚሄድም አለ።

ተሳስተህ የተጠረጠረ ቦታ ከገባህ መኪናውን አታዙር። ቁም። በመጣህበት የጎማ ዱካ ላይ እየረገጥክ በእግርህ ተመለስ። ዱካው ካልታየህ እዚያው ሆነህ ሰው ጥራ። ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ጊዜው ይረዝማል፣ ግን እግር ይተርፋል።

ምልክት አለው ወይ ላልከው፦ ባለሙያ የደረሰበት ቦታ የራስ ቅል የተሳለበት ቀይ ሰሌዳ ወይም ቀይ ቀለም የተቀባ ድንጋይ ታያለህ። ባለሙያ ያልደረሰበት ላይ የአገሩ ሰው ራሱ ምልክት ያደርጋል። የተነባበረ ድንጋይ፣ የተጠላለፈ እንጨት፣ እሾህ የተጋረደበት መንገድ። ዙሪያው ሁሉ ታርሶ መሀሉ ላይ አንድ ማሳ ጦም ካደረ፣ ሳሩ ለምልሞ ከብት ካልበላው፣ ባለቤቱ የሚያውቀው ነገር አለ። ሄደህ አትየው፤ ጠይቅ።

ጥያቄ (የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ)፦ ፈንጂ ረግጠህ እግርህን ካላነሳህ አይፈነዳም የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ የፊልም ወሬ ነው። አብዛኛው ፀረ ሰው ፈንጂ ስትረግጠው ነው የሚፈነዳው፤ ስትለቀው አይደለም። «ጠቅ» ብሎ የሚያስጠነቅቅህ የለም። የሶቪየት ሥሪት የሆነው ፒኤምኤን የሚባለው 240 ግራም ገደማ ቲኤንቲ ይይዛል። የሕፃን ልጅ ክብደት ይበቃዋል። የታንኩ ፈንጂ ግን 6 ኪሎ አካባቢ ፈንጂ ስላለው ብዙ ጊዜ ከመቶ ኪሎ በላይ ጫና ይፈልጋል። በዚህ ተማምነህ ግን አትርገጠው። አንዳንዱ ሥር ሌላ ትንሽ ፈንጂ ይጠመዳል።

ጥያቄ (ጡረተኛ መምህር)፦ ዘመን ሲያልፈው አይበላሽም? የጣሊያን ጊዜው እንኳን አሁን ምን ይሠራል?

መልስ፦ የእኔታ፣ ቤልጅየምና ፈረንሳይ ውስጥ ገበሬዎች ዛሬም ሲያርሱ የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ጥይት ያወጣሉ። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በየዓመቱ በቶን የሚቆጠር ነው የሚሰበሰበው። አንዳንዱ መርዝ ጋዝ የያዘ ነው።

የእኛ አገር መሬት ደግሞ ያላየው የለም። ከ1928 እስከ 1933 የጣሊያን፣ በ1969 እና 70 የሶማሊያ ወረራ፣ በደርግ ዘመን የሰሜኑ የእርስ በርስ ጦርነት፣ ከ1990 እስከ 1992 የኤርትራ፣ ከዚያም ከ2013 እስከ 2015 የነበረው። አንዱ ባንዱ ላይ ተነባብሯል። የኤርትራ ድንበር ላይ ስንሠራ የመሳሪያውን ዓይነት አይቶ በየትኛው ዘመን እንደመጣ መገመት ይቻል ነበር።

አንዳንዱ በእርግጥ ይሞታል። የሽቦ ወጥመዱ ይበሰብሳል፣ የባትሪው ኃይል ያልቃል። ግን የእንጨት ሣጥን ያለው ዓይነት እንጨቱ ሲበሰብስ መርፌውን የያዘው ነገር ይላላል። ያ ከአዲሱ የባሰ ነው። የፕላስቲኩ ደግሞ ምንም አይሆንም፤ ላስቲኩ ይሰነጣጠቅና ውስጡ እንደ አዲስ ይቆያል።

ጥያቄ (የኮንስትራክሽን ፎርማን)፦ ይህን ያህል ዓመት ለምን ይፈጃል? ዶዘር አስገብቶ ገልብጦ መገላገል አይቻልም?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ የሚጠይቁኝ ሰዎች ግማሾቹ ማሽን የሚያውቁ ናቸውና።

ማሽን አለ። ሰንሰለት እያሽከረከረ መሬት የሚደበድብ፣ ወይም እንደ ማረሻ የሚፈጭ። ሜዳ ላይ ጥሩ ይሠራል። ችግሩ ለጦር ሠራዊትና ለገበሬ የሚፈለገው ሥራ የተለያየ መሆኑ ነው። ጦር ሠራዊት አንድ መንገድ ከተከፈተለት ይበቃዋል፤ ጥቂት ቢቀርም ያልፋል። ገበሬ ግን ልጁን ልኮ ጥጃ ያስጠብቅበታል። ለእሱ ዘጠና ከመቶ ምንም ማለት ነው። ማሽን ደግሞ አንዳንዱን ሳይነካ ያልፋል፣ አንዳንዱን ወደ ጎን ይገፋል፣ አንዳንዱን ይሰባብርና ካፕሱላውን አፈር ውስጥ ይተዋል። ዶዘር ከዚህ ሁሉ የባሰ ነው፤ አፈሩን ከነፈንጂው ገፍቶ ይከምረዋል። ገደልና ድንጋይ ላይ ደግሞ ጨርሶ አይወጣም። የእኛ ሰው የተዋጋው ደግሞ ተራራ ላይ ነው።

ስለዚህ የመጨረሻው ሥራ የእጅ ነው። አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስመር ይያዛል። ከፊት አንድ እንጨት ይጋደማል። መጀመሪያ የወጥመድ ሽቦ መኖር አለመኖሩ ይታያል። ሣሩ በመቀስ በጥቂት በጥቂቱ ይቆረጣል። ከዚያ የብረት መፈለጊያው ይመጣል። ከጮኸ ይንበረከኩና አፈሩን ከጎን በኩል፣ በዝግታ፣ ወደ ድምፁ እየቀረቡ ይቆፍሩታል። ከላይ ወደ ታች አይወጋም፤ ፈንጂው የሚነካው ከላይ ነውና። ብዙ ቦታ የሚጸዳው ጥልቀት 13 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። እንደ ሁኔታው ይጨምራል። ከተገኘ ብዙውን ጊዜ አይነሳም። አጠገቡ ፈንጂ ተደርጎ እዚያው ይወገዳል።

አሁን ወደ ችግሩ እንምጣ። መፈለጊያው ፈንጂ አይፈልግም፤ ብረት ነው የሚፈልገው። የውጊያ ሜዳ ላይ ፍንጣሪ አለ፣ ቀለህ አለ፣ የቆርቆሮ ክዳን አለ፣ የጫማ ምስማር አለ። ለሁሉም ይጮሃል። ሁሉም እንደ ፈንጂ ነው የሚቆፈረው። ቀኑን ሙሉ ተንበርክከህ የሰርዲን ቆርቆሮ ታወጣለህ። አሰልቺ ሥራ ነው። የሚገድለውም ፍርሃት ሳይሆን መሰልቸት ነው። የሥራው ሕግ በየተወሰነ ደቂቃ ዕረፍት የሚያስገድደው ለዚህ ነው።

ፎርማን ስለሆንክ ሌላም ልንገርህ። ብዙ ጊዜ የሚባክነው ፈንጂ ያለበት መሬት ላይ ሳይሆን የሌለበት መሬት ላይ ነው። ከ1994 እስከ 1996 አገር አቀፍ ጥናት ተደርጎ 1,492 ማኅበረሰቦች የተጎዱ ናቸው ተባለ፤ ወደ 1.9 ሚሊዮን ሰው የሚኖርባቸው። ጥናቱ የተሠራው ሕዝቡን በመጠየቅ ነው። ሰው ደግሞ አንድ ከብት የሞተበትን ተራራ በሙሉ «ፈንጂ ነው» ይላል። እውነቱን ነው፤ ማን ገብቶ ያረጋግጣል? ኋላ ቦታው ድረስ ተሄዶ ሲጣራ ከተጠረጠረው አብዛኛው ነፃ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ጥሩ ቡድን መጀመሪያ የሚይዘው መፈለጊያ ሳይሆን ደብተር ነው። እረኛ ይጠይቃል። በቦታው የተዋጋ ወታደር ካለ ያፈላልጋል። ምሽጉ ወዴት ዞሮ ነበር? ማን ማንን ይጠብቅ ነበር? ፈንጂ በዘፈቀደ አይቀበርም፤ ቢያንስ በሥርዓት የተዋጋ ጦር በምሽጉ ፊት ነው የሚያጥረው። ሁለት ሽማግሌና አንድ የቀድሞ ወታደር ግማሽ ተራራ ነፃ ሊያወጡልህ ይችላሉ።

ጥያቄ (የባጃጅ ሹፌር፣ ፍራንኮ)፦ አይጥ ፈንጂ ያገኛል የሚሉት ቀልድ ነው አይደል?

መልስ፦ ቀልድ አይደለም። ታንዛኒያ፣ ሞሮጎሮ ውስጥ ያሠለጥኗቸዋል። የአፍሪካ ትልቁ አይጥ ነው፤ ድመት ሊያክል ምንም አይቀረው። የሚያሸተው ብረቱን ሳይሆን ባሩዱን ስለሆነ የሰርዲን ቆርቆሮ አያታልለውም። ክብደቱ ቀላል ስለሆነ ፈንጂውን አያስነሳም። ደመወዙ ሙዝ ነው። ካምቦዲያ ውስጥ የሠራው ማጋዋ የተባለው አይጥ 39 ፈንጂዎችን ካገኘ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2020 ከእንግሊዝ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልሟል። እኔ ሜዳሊያ የለኝም።

ጥያቄ (ተመሳሳይ ጥያቄ ከሦስት ሰዎች)፦ ዝናብና ጎርፍ ያንቀሳቅሰዋል? ሣሩን ብናቃጥለውስ?

መልስ፦ ጎርፍ ያንቀሳቅሰዋል፤ በተለይ ቀላሉን የፕላስቲክ። ባለፈው ዓመት የተረገጠ ወንዝ ዳር ዘንድሮ ከክረምት በኋላ እንደ አዲስ ይታያል። እሳት ግን አይረዳም። ከላይ ያለውን አንዳንዱን ያፈነዳል፣ የቀረውን ያሞቀውና ይተወዋል። ከዚያ ወዲያ ነፃ የመሰለ ጥቁር መሬት ታያላችሁ፤ መጥፎነቱ ይህ ነው።

ጥያቄ (እናት፣ ቦኩ አካባቢ)፦ ልጆቼ ለክረምት እናቴ ዘንድ ወደ ወሎ ይሄዳሉ። ሳላስፈራራ ምን ልበላቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ እንደ እርስዎ የሚጠይቅ ሲበዛ ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ላይ 5,757 ሰዎች በፈንጂና በጦርነት ትራፊ ተገድለዋል ወይም ቆስለዋል። ማንነታቸው ከታወቀው 84 በመቶው ሲቪሎች ናቸው። ዕድሜያቸው ከታወቀው ሲቪሎች ደግሞ 37 በመቶው ሕፃናት። ልጅ ይበልጥ የሚጎዳው የተቀበረውን ረግጦ ብቻ አይደለም። ያልፈነዳውን አንስቶ ነው። አየር ላይ ተከፍቶ ብዙ ትንንሽ ቦምብ የሚበትነው የክላስተር ቦምብ ፍሬ አለ፤ ኳስ የሚመስል፣ አንዳንዱ ጥብጣብ ያለው። ለልጅ መጫወቻ ነው።

ሦስት ነገር ይበሏቸው። የማታውቁትን ብረት አትንኩ። በድንጋይ አትምቱት፤ ይህን ለብቻው ይናገሩ፣ ወንዶቹ «አልነካሁም እኮ፣ ድንጋይ ነው የወረወርኩት» ይላሉ። ሦስተኛ፣ ካያችሁ በመጣችሁበት ተመልሳችሁ ለትልቅ ሰው ንገሩ።

የቆሰለ ሰው ፎቶ አያሳዩአቸው። ሌሊት ያስቃዣቸዋል እንጂ ቀን አያስጠነቅቃቸውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይዞ የመጣውን ልጅ አይቆጡ። ተቆጥተው ከመቱት በሚቀጥለው ጊዜ አልጋ ሥር ይደብቀዋል። በእጁ ይዞ ቢያዩት «ወርውረው!» ብለው አይጩሁ። በተረጋጋ ድምፅ መሬት ላይ በቀስታ አስቀምጦ ወደ እርስዎ እንዲመጣ ይንገሩት። ከዚያ ሁላችሁም ውጡ። ለአያትየውም ይንገሩ፤ የትኛው ዳገት ውጊያ እንደነበረበት የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

ጥያቄ (ስማቸው እንዲጠቀስ ያልፈለጉ)፦ አባታችን ሲያርፉ ሣጥናቸው ውስጥ የእጅ ቦምብ ተገኘ። የደርግ ወታደር ነበሩ። ምን እናድርግ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ነፍስ ይማር። ሣጥኑን ዝጉት ካልኩ ትነኩታላችሁ፤ እንደተከፈተ ተዉት። ክፍሉን ቆልፉ። ቤተሰቡን አውጡ፣ ጎረቤትም ይውጣ፣ ፖሊስ ጥሩ። ቀለበቱ አለ የለም ብላችሁ አትመልከቱ። የዚያን ጊዜው ኤፍ ዋን የሚባለው የእጅ ቦምብ ከተቀጣጠለ በኋላ ከሦስት እስከ አራት ሰኮንድ ነው የሚሰጠው፤ ፍንጣሪው ደግሞ እስከ 200 ሜትር ይሄዳል። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የእጅ ቦምብ ለግለሰብ አይፈቅድም። ግን እናንተ ያገኛችሁት እንጂ የያዛችሁት አይደለም፤ ዛሬ ከተናገራችሁ ማለት ነው። በወር ከተናገራችሁ ለማስረዳት ይከብዳል።

እንዲህ ዓይነት ሣጥን አዳማ ውስጥ ስንት ቤት እንዳለ ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን መሣሪያው አብሮ ነው የተበተነው። ያልተበተነውም ሰላም አልነበረም። ግንቦት 1983 መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ፈንድቶ ብዙ ሕዝብ አልቋል። የ77ቱን ድርቅ ለዓለም ያሳየው ካሜራማን መሐመድ አሚን አንድ እጁን ያጣው እዚያ ነው። ድምፅ ቀራጩ ጆን ማታይም እዚያው ሞቷል። ጦርነቱ አልቆ ነበር እኮ።

ጥያቄ (የሕግ ተማሪ)፦ ኃላፊነቱ የማን ነው? ኢትዮጵያ ስምምነት አልፈረመችም? ጨርሶ ማጽዳትስ ይቻላል?

መልስ፦ ፈርማለች። የኦታዋው ስምምነት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1997 ለፊርማ ሲከፈት ፈረመች፣ በ2004 አጸደቀች። ፀረ ሰው ፈንጂ መጠቀም፣ ማምረትና ማከማቸት ይከለክላል። የተቀበረውን በ10 ዓመት አጽዳ ይላል። የእኛ ቀነ ገደብ እ.ኤ.አ. 2015 ነበር፤ መጀመሪያ ወደ 2020፣ ከዚያ ወደ 2025 መጨረሻ ተራዘመ። በ1993 ዓ.ም. ለዚሁ ሥራ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ ነበር፤ ኋላ ሥራው ወደ መከላከያ ሚኒስቴር ዞረ።

ልብ በል፤ ስምምነቱ ስለ ፀረ ሰው ፈንጂ ነው። ቅምቡላና የእጅ ቦምብ በእሱ ውስጥ የሉም። ከሰሜኑ ጦርነት በኋላ ግን ሰው ቤት አጠገብ የሚገኘው ይበልጥ እንዲህ ያለው ነው። ስለዚህ «ፈንጂ የለም» የሚል ሪፖርት ስታነብ ስለ ምን እንደሚናገር ጠይቅ።

ይቻላል ወይ ለሚለው፣ ሞዛምቢክ ጨርሳለች። የእርስ በርስ ጦርነቷ በ1992 አበቃ፣ በመስከረም 2015 ነፃ ነኝ ብላ አወጀች። እ.ኤ.አ. ነው የምቆጥረው። ሃያ ሦስት ዓመት ፈጀባት፤ ያውም ሳይቋረጥ ገንዘብ የሚሰጣት እያለ። የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 2015 ዓ.ም. መሆኑን አስበህ አስላው።

ጥያቄ (ነርስ)፦ ሰው ፈንጂ ረግጦ ቢወድቅ መጀመሪያ ምን ይደረጋል?

መልስ፦ መጀመሪያ አይሮጥም። አንድ ፈንጂ ያለበት ቦታ ሌላም አለ። ሁለተኛው የሚሞተው ብዙ ጊዜ ለመርዳት የሮጠው ወንድም ነው። ከዳር ሆናችሁ አናግሩት። አትንቀሳቀስ በሉት። እጁ ደህና ከሆነ በቀበቶ ወይም በነጠላ ከቁስሉ በላይ ራሱ ጠበቅ አድርጎ እንዲያስር ምሩት። መንገድ የሚከፍት ባለሙያ ካለ ይጠበቃል። ከወጣ በኋላ ያለውን አንቺ ከእኔ ይበልጥ ታውቂያለሽ፤ ደሙን ማቆም፣ ያሰራችሁበትን ሰዓት መጻፍ፣ በፍጥነት ማድረስ።

ጥያቄ (ሴት፣ የ22 ዓመት)፦ ሥራውን መማር እፈልጋለሁ። ለሴት ይሆናል?

መልስ፦ በደንብ። አንጎላ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ሴቶች ብቻ የሆኑ ቡድኖች ይሠራሉ። የሚፈለገው ጉልበት ሳይሆን ትዕግሥት ነው። እዚህ አገር በሩ በብዛት በመከላከያ በኩል ነው፤ ዓለም አቀፍ ድርጅቶችም ሲመጡ ከአካባቢው ሰው ይቀጥራሉ። ሁለቱንም ተከታተዪ። ለቤተሰብሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው ግን፤ ከሥልጠናው ይልቅ የሚከብደው እሱ ነው።

ጥያቄ (ወጣት፣ ወንድሙ ራያ ገበሬ የሆነ)፦ ወንድሜ ማሳውን ራሱ አጽድቷል። ያገኘውን እየለቀመ አውጥቶ ዘንድሮ ሊያርስ ነው። እንዴት ላስቁመው?

መልስ፦ ታስቆመዋለህ ብዬ አልዋሽህም። ወንድምህ አደጋውን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ከእኔም ከአንተም ይበልጥ ያውቀዋል። ግን ሁለት ዓመት አላረሰም። ልጆች አሉት። የተበደረው ዘር አለ። ቡድኑ መቼ እንደሚመጣ የነገረው የለም። ግንዛቤ ማስጨበጫ የሚሉት ነገር ላይ የማኮርፈው ለዚህ ነው። ስንጥቅ መሬት ላይ ለቆመ ሰው «አትንካ» ብቻ ብለህ በላንድ ክሩዘር መመለስ ቀላል ነው። ብረት የሚለቅመውም ልጅ እንዲሁ ነው፤ በኪሎ የሚከፈለው ገንዘብ ለእሱ የዛሬ ዳቦ ነው። አትንካ የሚል ሰው «ይልቅ ይህን ሥራ» የሚለው ነገር ይዞ መምጣት አለበት።

ስለዚህ በሚቻለው እንነጋገር። የጸዳው ለዓይን የታየው ብቻ ነው። ማረሻ ጠልቆ ሲገባ ያልታየውን ይነካል። ምሽግ ካለበት ጎን ያለውን ቁራሽ ለዘንድሮ ይተወው፤ ውጊያ ያልደረሰበትንና ከብት ዓመቱን ሙሉ የተመላለሰበትን ያርስ። ልጆቹን ከኋላው አያስከትል። ትራክተር ቢከራይ ለሾፌሩ ሳይደብቅ ይንገረው። ለቀበሌው በጽሑፍ ያመልክት፤ ቡድን ሲመጣ ማሳው ቅደም ተከተሉ ውስጥ የሚገባው ስሙ በተጻፈበት ማመልከቻ ነው። ጎረቤቶቹም አብረው ቢፈርሙ ይበልጥ ይሰማል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ለቅሞ ያወጣውን የት እንዳከማቸው ጠይቀው። ብዙዎቹ አጥር ሥር ወይም ጎተራ ጀርባ ነው የሚከምሩት። እዚያ ከሆነ ተመልሶ አይንካው፣ ሌላ ቦታ ልውሰደው አይበል። ልጆቹን ዛሬውኑ ዘመድ ቤት ይውሰድና ዙሪያውን በእሾህ ይጠር።